ደወሉ ተደውሏል፣ መምህሩ የለም

የልጄ የሒሳብ ደብተር ጥር 14 ላይ ቆሟል።

ሰባተኛ ክፍል ናት። የምትማረው አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ጥር 14 ቀን ስለ መቶኛ ግማሽ ገጽ ጽፋለች። ከዚያ ወዲህ ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው። ደብተሩን ያየሁት መጋቢት ሊያልቅ ሲል ነው። ቀድሜ አለማየቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

"ቲቸር ለቀቀ" አለችኝ።

"ሌላ አልመጣም?"

"አንዳንዴ የስፖርት ቲቸር ይገባና ዝም ብላችሁ አንብቡ ይለናል።"

በሳምንት አምስት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አላት። ፈተናውንና የሴሚስተር ዕረፍቱን ቀንሼ ሳሰላው አርባ ክፍለ ጊዜ ያህል ጠፍቷል።

ይህን አድማ ብሎ የሚጠራው የለም። ሥራ አቁመናል ያለ መምህር አልነበረም። ሰውየው ደመወዙ አልበቃው አለ፣ ሌላ ሥራ አገኘ፣ ሄደ። ማን ይፈርድበታል? ልጄ ያጣችው ግን በአድማ ከሚጠፋው አይለይም። መምህራን በይፋ ሥራ ቢያቆሙ ኖሮ በማግሥቱ ወላጅ ሁሉ ይሰማል። በሦስተኛው ቀን ኃላፊ ይጠራል። የጠፋው ቀን ይቆጠራል፣ ማካካሻም ይጠየቅበታል። የእኛ ልጆች አርባ ክፍለ ጊዜ ግን ኮሽ ሳይል ሄደ።

ስለ መምህራን አድማ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ልጆችን ይጎዳል ወይ የሚለው ነው። ይጎዳል፣ ወደዚያ እመጣለሁ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነው። ቅሬታ በግልጽ የሚቀርብበት በር ሲዘጋ አድማው ክፍል ውስጥ ይገባል። እዚያ ሲገባ ደግሞ የሚያየው ስለሌለ አያልቅም።

ሕጉን እንይ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኞች የመደራጀት፣ የመደራደር፣ ሥራ የማቆምም መብት እንዳላቸው ይናገራል። የመንግሥት ሠራተኞችንም ያነሳል። ሥራቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉት ይላል። ከዚያ የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ መብት እንደሚጠቀሙ በሕግ ይወሰናል ብሎ ያልፋል። የመንግሥት መምህር የተንጠለጠለው እዚህች ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እሱን አይመለከትም። የግል ትምህርት ቤት መምህር ግን በዚህ አዋጅ ሥር ነው። ማኅበር ማቋቋም፣ መደራደር፣ ካልሆነም የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራ ማቆም ይችላል፣ በወረቀት ላይ። አዋጁ አድማ የማይፈቀድባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው አገልግሎቶች ውስጥም ትምህርት የለም። እንግዲህ አስቡት። አንድ ዓይነት ትምህርት፣ አንድ ዓይነት ጠመኔ፣ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች። አንዱ መምህር መንገዱ ተጽፎለታል። ሌላው በማግሥቱ ሥራ ላይ ካልተገኘ ከሥራ እንደቀረ ሰው ነው የሚታየው።

ኢትዮጵያ የመደራጀት ነጻነትን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት 87ኛ ስምምነት ያጸደቀችው በ1955 ነው። ድርጅቱ መምህርነትን አድማ ሊከለከልባቸው ከሚገቡ የሕይወት አድን ሥራዎች ጋር አይደምረውም። እኛ ጋ ግን አድማ የሚለው ቃል ሲነሳ ሰው ድምፁን ይቀንሳል። ምክንያት አለው።

የካቲት 1966ን የሚያስታውሱ የፒያሳና የአራት ኪሎ ሰዎች ዛሬም አሉ። በ1941 የተመሠረተው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር የካቲት 11 ቀን 1966 አድማ መታ። በዚያው ቀን ባለታክሲዎች በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ ሥራ አቆሙ። ከተማው ቀጥ አለ። መምህራኑ የጠየቁት ደመወዝ ብቻ አልነበረም። "ሴክተር ሪቪው" የሚባል የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ወጥቶ ነበር። አብዛኛው ልጅ አራት ዓመት ያህል ተምሮ እንዲያበቃ የሚያደርግ ነው ተብሎ ተፈራ። ልጁን አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ማብቃት የሚመኝ ድሃ ወላጅ ደነገጠ። መንግሥት በቀናት ውስጥ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሰ፣ ሴክተር ሪቪውንም አቆየው። በሰባተኛው ወር ዘውዱ ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ የመጡ መንግሥታት ከዚህ ታሪክ የያዙት አድማ ዙፋን ይነቀንቃል የሚለውን ነው። እኔ የምይዘው ወላጁ ከመምህሩ ጎን መቆሙን ነው። መምህሩ የልጁን ጉዳይ ከራሱ ጉዳይ ጋር አብሮ አነሳ። ወላጁም ሰማው።

ቀጥሎ የመጣው ያማል። የማኅበሩ ሊቀመንበር የነበሩት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በ1988 ታሰሩ፣ የተፈቱት በ1994 ነው። ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ የነበሩትን አቶ አሰፋ ማሩን ሚያዝያ 30 ቀን 1989 እዚሁ አዲስ አበባ ወደ ሥራ ሲሄዱ ፖሊስ ተኩሶ ገደላቸው። ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሎ ለዓመታት ሲካሰስ ቆየ። በ2000 ስሙም ንብረቱም መንግሥት ዕውቅና ለሰጠው ወገን ጸና። የዛሬ ጀማሪ መምህር ይህን በዝርዝር ላያውቅ ይችላል። አንገት መድፋቱን ግን ከታላላቆቹ ወርሷል።

ያም ሆኖ ሰው ሲብስበት ይናገራል። በኅዳር 2015 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደመወዝ ጥያቄ ሥራ አቁመው ነበር። በ2016 በወላይታና በሌሎች የደቡብ አካባቢዎች መምህራን ለወራት ደመወዝ ሳይከፈላቸው ቀርቶ ትምህርት ተስተጓጎለ። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ የታሰሩ ነበሩ። ይህን ያየ የአዲስ አበባ መምህር ምን ያደርጋል? ዝም ይላል። ወይ ደግሞ ይለቃል።

ስለ ደመወዙ በቁጥር እናውራ። መንግሥት ምንም አላደረገም ማለት ሐቅ አይደለም። በ2017 ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 4,760 ብር ሆነ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ 6,000 ብር ገባ። ዲግሪ ይዞ አዲስ የሚቀጠር ሰው መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አደገ። ትልቅ ጭማሪ ነው። ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ሲቀነስ ከ11,500 ላይ እጅ የሚገባው 8,600 ብር ገደማ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ዘይቱም፣ የታክሲ ታሪፉም፣ ኪራዩም አብሮ ሄዷል። አራት ኪሎ፣ ቀበና ወይም ፒያሳ ዙሪያ በ8,600 ብር ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ ለብሶ፣ ልጅ ማሳደግ አይቻልም። ማጋነን አይደለም። አስቤዛ የሚሸምት ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ መሀል ከተማ የሚያስተምረው መምህር መሀል ከተማ አይኖርም። ኮዬ ፈጬ ነው፣ የካ አባዶ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል ለመግባት ከጎህ በፊት ይነሳል። ሁለት ሦስት ታክሲ ይቀይራል። ሰልፉ ሲረዝም የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግማሹ ያልፋል። ማታ ሲመለስ ደግሞ የሰው ልጅ ያስጠናል። ራይድ የሚሠራ አውቃለሁ። ኮሚሽን የሚሠራም አለ። የተማሪውን ደብተር የሚያርምበት ሰዓት ከየት ያምጣ? የቤት ሥራ ሰጥቶ ሳያርም ይቀራል። ከዚያ መስጠቱንም ይተዋል።

ከሁሉም የሚከፋኝን ልናገር። አንዳንድ መምህር ክፍል ውስጥ የሚቆጥበውን ጉልበት ከክፍል ውጭ ይሸጠዋል። የራሱን ተማሪዎች በክፍያ የሚያስጠና አለ። ችግሩ ይገባኛል፣ ግን ልክ አይደለም። ከፋዩ ልጅ ያልፋል፣ የጉልት ነጋዴዋ ልጅ ይወድቃል። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዴስክ ላይ ሆነው።

አሁን ወደ ማስረጃው። የረጅም ጊዜ አድማ ልጅን ምን እንደሚያደርገው በደንብ ከተጠናባቸው አገሮች አንዷ አርጀንቲና ናት። እዚያ የመምህራን አድማ የተለመደ ነው። ተመራማሪዎች በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ዘመናቸው ብዙ አድማ ያዩ ልጆችን አድገው፣ ሠላሳ ዓመት አልፏቸው፣ ሥራ ይዘው አጠኗቸው። አንድ ልጅ በአማካይ 88 የትምህርት ቀን አጥቶ ነበር። የግማሽ ዓመት ትምህርት ማለት ነው። ያን ያህል ያጡ ወንዶች ገቢ በ3.2 በመቶ፣ የሴቶቹ በ1.9 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ይከተላል። በዚያው አገር እናቶችን ያየ ጥናትም አለ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሥራ የሚወጡት እናቶች ናቸው፣ በተለይ ብዙ ያልተማሩትና ዝቅተኛ ሥራ ላይ ያሉት።

በአሜሪካ ደግሞ ከ2007 እስከ 2023 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተደረጉ 772 የመምህራን አድማዎች ተጠንተዋል። የመምህራኑ ክፍያ በአምስት ዓመት ውስጥ 8 በመቶ ያህል አደገ። በተማሪዎች ውጤት ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ጉዳት አልታየም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አብዛኞቹ አድማዎች የጥቂት ቀናት ነበሩ። ጮኹ፣ ተደራደሩ፣ ተመለሱ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ልጅን የሚጎዳው የጠፋው ጊዜ ርዝመት መሆኑ ይታየኛል። የሦስት ቀን ግልጽ አድማ ይካካሳል። ሁለት ቅዳሜ በቂ ነው። እኛ ጋ በመልቀቅ፣ በድካም፣ በማርፈድ እየተንጠባጠበ የሚጠፋው ግን ተደምሮ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ካልታወቀ ደግሞ አይካካስም።

ትምህርት ቤት ጭራሽ ሲዘጋ ምን እንደሚመጣ እኛም አይተናል። መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት ሁሉም ተዘጋ። ወራት አለፉ። የግል ትምህርት ቤት ልጆች በቴሌግራም ወርክሺት ይላክላቸው ነበር። ስልክ ያለው፣ ዋይፋይ ያለው ቤት ተማረ። የእኛ ግቢ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ከረሙ። በግቢያችን በእጅ የሚቆጠሩ ስማርት ስልኮች ነበሩ፣ እነሱም የአባት ናቸው፣ ሥራ ይዟቸው ይሄዳል። ስንመለስ አራተኛ ክፍል ሆኖ ማንበብ የረሳ ልጅ አጋጥሞኛል።

ዛሬ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት ከትምህርትም በላይ ሆኗል። ከተማ አስተዳደሩ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ700,000 በላይ ልጆችን ቁርስና ምሳ ይመግባል። ይህን ሥራ ከልቤ አመሰግናለሁ። ጠዋት ባዶ ሆዱን የሚመጣ ልጅ ድሮ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ራሱን ስቶ ይወድቅ ነበር። አሁን ያ ቀርቷል። ነገር ግን ይህ ማለት መምህሩ ጠፍቶ ትምህርት የተቋረጠ ቀን ሁሉ የምሳ ጉዳይ ጭምር ሆኗል ማለት ነው። ክፍል ቢዘጋ ቁርሱም ይቀራል፣ ምሳውም ይቀራል። ምግቡን የሚያበስሉት መጋቢ እናቶች ገቢም አብሮ ይነካል። ብዙዎቹ የዚያው ትምህርት ቤት ልጆች እናቶች ናቸው። በአንድ ቤት ውስጥ ልጅ ትምህርቱን፣ ምሳውን፣ የእናቱን ገቢ በአንድ ቀን ሊያጣ ይችላል።

ለዚህም ይመስለኛል የመሀል ከተማ መምህር በግልጽ ሥራ ማቆም የሚከብደው። ፍርሃት ብቻ አይደለም። ልጆቹን ያውቃቸዋል። ማን ባዶ ሆዱን እንደሚመጣ ያውቃል። አንድ አብሮ አደጌ የሆነች መምህርት "እኔ ብቀር እነዚህ ልጆች የት ይውላሉ?" ብላኛለች። ይህ ርኅራኄ ግን ጫናውን አያነሳላትም። እሷም ዘንድሮ ሥራ እየፈለገች ነው።

የፒያሳና የካዛንቺስ ነገርም አለ። በ2016 የፒያሳ፣ በ2017 የካዛንቺስ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ። ልጆች ትምህርት ቤት ቀየሩ። ያልቀየሩት ከሩቅ ይመላለሳሉ። ከዳርቻ የሚመጣ መምህርና ከዳርቻ የሚመጣ ተማሪ መሀል ከተማ ተገናኝተው ሁለቱም ደክመዋል። የመምህሩን መቅረት ለብቻው ማየት የማይቻለው ለዚህ ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤትንም ሁሉም ያውቀዋል። ማለፊያ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። ይህን ሁሉ በመምህሩ ላይ መጣል ግፍ ነው። የኩረጃው መቆምም፣ ጦርነቱም፣ ኮሮናም ድርሻ አላቸው። ሆኖም ፈተናው የሚመዝነው የአሥራ ሁለት ዓመት ክፍለ ጊዜ ድምር ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ መቶኛን ያልተማረች ልጅ እዚያ ስትደርስ ምን ትሠራለች? የተቋረጠውን ማንም ተመልሶ አያስተምራትም።

ምን ይደረግ? እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን አንቀጽ 42 የቀጠረው ሕግ ወጥቶ የመንግሥት መምህር እንዴት እንደሚደራደር በግልጽ ቢጻፍ ሁላችንም እንጠቀማለን ብዬ አምናለሁ። ማስጠንቀቂያ ስንት ቀን፣ የፈተና ወቅት እንዴት፣ ምገባው እንዴት ይቀጥላል፣ ማካካሻው መቼ፣ ሁሉም ይጻፍ። እንዲህ ያለ ሕግ ሲኖር አድማ የመጨረሻ አማራጭ ይሆናል። ከዚያ በፊት ጠረጴዛ አለ። አሁን ጠረጴዛው ስለሌለ መምህሩ በቀጥታ ወደ በሩ ነው የሚሄደው።

ወላጅም ድርሻ አለው። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ስለ ዩኒፎርምና ስለ አጥር እናወራለን። በዚህ ሴሚስተር ስንት ክፍለ ጊዜ ሳይገባ ቀረ ብለን ጠይቀን አናውቅም። እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሚያዝያ ላይ ጠየቅሁ። ርዕሰ መምህሩ አልተቆጡም። "መደብ አለኝ፣ ሰው የለኝም" አሉኝ። ማስታወቂያ አውጥተው የመጣው አመልካች ደመወዙን ሰምቶ መመለሱን ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው፣ ፊታቸው ላይ ያስታውቅ ነበር። የክፍል አለቃዋ የምትይዘው መምህራን የሚፈርሙበት ወረቀት ይኖር እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ዩኒት ሊደሯ ከመደርደሪያ ፋይሉን አወጣችልን። የሳምንት የሳምንቱ ተቀምጧል። የደመረው ሰው ግን አልነበረም።

ሦስት ወላጆች ሆነን በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ስበን ቆጠርን። በሒሳብ ረድፍ ፊርማ መሆን ባለበት ቦታ የክፍል አለቃዋ በቀይ እስክሪብቶ "አልገባም" ብላ ጽፋለች። እኔ ደብተሩን አይቼ አርባ ብዬ ነበር። አርባ ስድስት ነው። በሚቀጥለው ገጽ የእንግሊዝኛው አሥራ ዘጠኝ ነው። የሳይንሱን ልንጀምር ስንል ደወል ተደወለ።